ለእናቴ ግማሽ ሊትር ተከለከለ፣ ለኮድ 4 ጅረቱ ተለቀቀ

ለመናፈሻው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅማ
ሚያዝያ 10 ቀን

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ ያገኙታል።

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጻፍኩም። የመናፈሻውንም አልጠራሁም። እርስዎ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ባለመኪናውም ያውቀዋል። ለሌላው አንባቢ ግን ይህን ያህል ልበል፦ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ደን ነው። ቀረሮው፣ ሾላው፣ ከሥሩ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና። ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ያይዎታል። ከድንጋይ ሥር ምንጭ ይወጣል፣ ከላይ ከሚመጣው ጅረት ጋር ይገናኝና ቁልቁል ይወርዳል። በበጋም አይደርቅም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ያንን ዝናብ ቅጠሉና ሥሩ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ደኑ ባይኖር ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ ድንጋይ ነበር የምናየው። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ነውር ነው፤ በመግቢያው በር ላይ በትልቁ ያስጻፉት እርስዎ ነዎት።

ጥር ወር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከቤት ከወጣች ወራት ሆኗት ነበር። «ውኃ ሲወርድ ልስማ» አለችን። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። አምባሻ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አቮካዶ ያዝን። ጀበናውንም ይዘን ነበር፤ በሩ ላይ «እሳት ክልክል ነው» ተብለን አስቀመጥነው። ልክ ናችሁ፣ በደረቅ ወር ደን ውስጥ እሳት አይነድም። ቡናውን በፔርሙስ አድርገን ስለነበር ብዙም አልተጎዳን። ጀበናው ለሥነ ሥርዓቱ ነበር እንጂ።

ቲኬት ቆረጥን። ለስልኬም ለብቻው የካሜራ ተባለ።

«ይሄ እኮ ስልክ ነው» አልኩ።

«ፎቶ ካነሳ ካሜራ ነው» አለኝ ልጁ።

ከፈልኩ። ደረሰኝ ተቀበልኩ። ይቺን ደረሰኝ አይርሷት፣ ኋላ ላይ ትመጣለች።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ዙህር ደርሶ ነበር። እናቴ ከቦርሳዋ ባዶ ሃይላንድ አወጣች። ግማሽ ሊትሯን። ጎንበስ ብላ ከምንጩ ቀዳች፣ ከዚያ ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ውዱእ ልታደርግ ነው። ይህን ሁሉ ያሰበችው ራሷ ናት፤ ማንም አልነገራት። ገና ቀና ሳትል ጥበቃው መጣ።

«እማማ፣ አይቻልም። ምንጩን መንካት ክልክል ነው።»

«አልነካሁም ልጄ፣ በሃይላንድ ነው የቀዳሁት። ውዱእ ላድርግ ብዬ ነው። እዚያ ማዶ ሄጄ ነው የማደርገው።»

«መቅዳትም ክልክል ነው።»

ሰሌዳውን አሳየን። እውነትም ተጽፏል፦ መንካት፣ መቅዳት፣ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። እኔ አነበብኩላት። ምንም አላለችም። የቀዳችውን መልሳ ምንጩ ውስጥ አፈሰሰችው። ቀስ ብላ፣ እንዳይረጭ። ከዚያ ለመጠጥ ገዝተን በያዝነው የታሸገ ውኃ ውዱእ አደረገች። ግማሽ ሊትሩን እንኳ አልጨረሰችውም። ወንዝ ዳር ሆነሽ እንኳ ስትታጠቢ ውኃ አታባክኚ እየተባለች ያደገች ሴት ናት። ከእርስዎ ሰሌዳ በፊት የታዘዘችው ትእዛዝ አላት።

እዚህ ድረስ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር የለም። ሕግ ሕግ ነው። ተናደድኩ፣ ግን ዋጥ አደረግኩት። «ሁሉም ሰው እጁን ቢያስገባ ምንጩ ምን ይሆናል?» ብዬ ለባለቤቴ የተከራከርኩት እኔው ነኝ። ለእርስዎ ጠበቃ ቆሜ ነበር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል።

ልጆቹ ታች ጅረቱ ዳር ነበሩ። ወንዱ ልጄ ድንጋይ አንሥቶ ሸርጣን አገኘ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙ አትበልጥም፤ ቡኒ ናት፣ አንድ እግሯ የለም። በሕይወቱ አይቶ ስለማያውቅ ጮኸ። ድንጋዩን በቦታው እንዲመልሰው ነገርኩት፤ ቤቷ ነው አልኩት። ሲመልሰው ትንሿ እህቱ ተጣራች።

«አባዬ፣ ወንዙ ውስጥ ኦሞ አለ!»

ዞር ብዬ አየሁ። አረፋ ነው። ነጭ፣ ጉብ ጉብ ያለ፣ በድንጋዮቹ መሃል እየተሽከረከረ ይወርዳል። አንዱ ጉብታ የሸርጣኗ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተሰነጠቀ፣ ቀጠለ። ከኋላው ደግሞ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት መጣ። ልጆቹን ከውኃው አወጣኋቸው።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ልጄን ቢሰማት «ገልብጠሽዋል» ይላት ነበር። ወንዙ ነው ኦሞ ውስጥ የሚገባው። የእኛ ጅረት ወርዶ ወርዶ ጊልገል ጊቤ ይገባል። ጊልገል ጊቤ ጊቤን ይቀላቀላል፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በመሃሉ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ። የእርስዎ አረፋ መብራትም ሳይሰጠን አይቀርም።

ሽቅብ ሄድኩ። ብዙ አይደለም፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የአፈሩ መንገድ ጅረቱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንድ ፒካፕ ቆሟል። አራቱም ጎማዎቹ ውኃ ውስጥ ናቸው። በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ ሙዚቃ ተከፍቷል። አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባልዲ ይረጫል፤ ሌላው ምንጣፎቹን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በብሩሽ ይፈትጋል። የዱቄት ሳሙናው ላስቲክ ተቀዶ ዳር ላይ ተጥሏል። ሰሌዳው ጥቁር ቁጥር፣ ኮድ 4።

ክቡር ኃላፊ፣ ኮድ 4 የማን እንደሆነ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ጥበቃውን ጠራሁት። ያንኑ ልጅ። አብሮኝ መጥቶ አየ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ እኔ ለኮድ 4 ምን እላለሁ?»

በእሱ አልፈረድኩም፣ እርስዎም እንዳይፈርዱበት። ይህን ደብዳቤ አንብበው ያን ልጅ ቢቀጡት ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ሰሌዳው የሚያዘው ማንን እንደሆነና ማንን እንዳልሆነ ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ወደ እናቴ ስመለስ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «መኪና እያጠቡ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «በየትኛው ውኃ?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ቡናውን በፔርሙስ ክዳን ጠጥተን ሄድን። ስንወጣ ከመናፈሻው በታች ሦስት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከዚያው ጅረት ይቀዳሉ። አረፋው አልፎላቸው ይሆን፣ ገና እየመጣ ይሆን፣ አላውቅም። ባጃጁን አስቁሜ ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀችብኝ። «እሑድ እሑድ እንዲህ ነው፣ ጠዋት ነው መቅዳት» አለችኝ። ከጀሪካኗ ቀና እንኳ አላለችም። እርስዎ የማያውቁትን የሥራ ሰዓት እሷ ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ቢሮዎ እንምጣ።

መጀመሪያ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፉ» ተባልኩ። ሣጥኑ አለ፣ ቁልፉ ዝጓል፣ ቀዳዳውን ሸረሪት ዘግቶታል። ሁለተኛ ስመጣ «ማስረጃ አለዎት ወይ?» ተባልኩ። ፎቶውን አሳየሁ፤ ሰሌዳው፣ አረፋው፣ ሁሉም ይታያል። ያነጋገረኝ ሰው ስልኬን ይዞ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «የመንግሥት ተሽከርካሪ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት አይቻልም» አለኝ።

ደረሰኟን አወጣሁ። የካሜራዋን። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት። ማኅተማችሁ አለባት። ፈቃድ የሸጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ሰውየው ደረሰኟን አገላብጦ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ ለተፈጥሮ ነው።»

ሦስተኛ ጊዜ፣ ጥር 27፣ በጽሑፍ አቤቱታ ይዤ መጣሁ። መዝገብ ቤት ገቢ ሆነ፣ ቀንና ቁጥር ተጻፈበት፣ ቅጂው እጄ ላይ ነው። በዚያው ቀን ጉዳዩ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ ክፍልም አንድ ኦሪጅናል አስገባሁ። እዚያም ማኅተም ተመታ። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «ያጣራነው መኪናው የእኛ መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ ነው» ተባለኝ። ስልኩ ተዘጋ።

መኪናው የእናንተ ነው ብዬ እኮ አልጻፍኩም! የማንም ይሁን። ጅረቱ ነው የእናንተ። አቤቱታዬን ያነበበው ሰው ካለ፣ የጠየቅኩት መኪናው የማን ነው ብዬ ሳይሆን ለምን አላስቆማችሁትም ብዬ ነው።

ነገሩ አንዲት መኪና ናት የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዌቱ ዳር ነው ያደግኩት። እናቴ በአዌቱ ልብስ አጥባለች፣ እኔ ዋኝቼበታለሁ። ዛሬ ልጆቼን እዚያ አልወስዳቸውም፤ ሌላ ጅረት ፍለጋ ኮንትራት ባጃጅ የምይዘውም ለዚህ ነው። አዌቱን አንድ ሰው በአንድ ቀን አላበላሸውም። አንድ ባልዲ፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ቱቦ እያልን ነው እዚህ የደረስነው። በዞናችን ገጠሩም ያውቀዋል። በቡና ወቅት ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚለቀቀው ውኃ ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚሸት ጠይቁ። ገለባው ጣፋጭ ነው፣ ይቦካል፣ ሲቦካ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣ የሚተነፍሰው ያጣል። ሳሙናም የራሱ ሥራ አለው። ከመኪናው ላይ ቅባት እንደሚያነሣው ሁሉ የዓሣውን ስንጥብ የሚጠብቀውንም ልባስ ያነሣዋል።

ሕጉን ለእርስዎ አልጠቅስም ብዬ ነበር። ግን «አጥቢው ጎረቤትህ ነው? ውኃው ከቤትህ ገባ? ምን አገባህ?» ያለኝ ሰው እዚያው ቢሮዎ ውስጥ ስላለ ልጥቀስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 300፣ አንቀጽ 11። ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለአካባቢ ጥበቃው አካል አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ባገኘው ውሳኔ ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንግዲህ እኔን ያገባኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በጀት የለም እንዳይሉኝ በነፃ የሚሆነውን ብቻ መርጫለሁ። መንገዱ ጅረቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ሦስት ትላልቅ ድንጋዮች ያስቀምጡ። ሰው ያልፋል፣ ከብት ያልፋል፣ ፒካፕ አያልፍም። ድንጋይ ደግሞ ሰሌዳ አያነብም፤ ኮድ 4 ይሁን ኮድ 2 ለእሱ አንድ ነው። ከምንጩ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ በርሜል ውኃ ከነቧንቧው ይቁም፣ ሽማግሌ ሰው ሶላቱ ሲደርስ ለምኖ እንዳይታጠብ። ይኸው ነው። የጥናት ቡድን አያቋቁሙ።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ «እንሂድ» ስንላት «ጉልበቴን» ትላለች። ጉልበቷ ያው የድሮው ነው።

ከጥር 27 እስከ ዛሬ 73 ቀን ሆኗል። የአካባቢ ጥበቃው ክፍል 30 ቀን የካቲት 27 አልቋል። ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለኝ ጊዜ ሚያዝያ 27 ያበቃል፤ 17 ቀን ይቀረኛል። ፎቶው ታጥቧል፣ ሁለቱም ማኅተም ያለባቸው ቅጂዎች ተያይዘዋል፣ የካሜራዋም ደረሰኝ ከላይ በስቴፕለር ተመትታለች። ቢሮዎ የምመለሰው የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስብሰባ ካለዎት በር ላይ እጠብቃለሁ። አምባሻና ፔርሙስ ይዤ እመጣለሁ።

ከአንድ የጅማ ነዋሪ