አርኤንኤው ዕጢው ጋ መድረሱስ?

ሰላም አዘጋጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፈው። ስለ አርኤንኤ (ሴል አንድ ፕሮቲን እንዲሰራ ወይም እንዳይሰራ የሚያዝ ሞለኪውል) የካንሰር ህክምና ያወጣችሁትን ጽሁፍ ወድጄዋለሁ ግን ዋናው ነገር ተዘሏል፣ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ እንዴት እንደሚደርስ። አርኤንኤ ባዶውን ደም ውስጥ ከገባ ኢንዛይም ቶሎ ይበጣጥሰዋል፣ ለዛ ነው እንደ ፋይዘር የኮቪድ ክትባት በጥቃቅን የስብ ናኖፓርቲክል የሚጠቀለለው፣ ችግሩ ደም ስር ሲሰጥ አብዛኛው ጉበት ጋ ነው የሚሄደው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያፀደቀችው ፓቲሲራን የሚባለው የአርኤንኤ መድኃኒትም እኮ ጉበት የሚሰራውን ፕሮቲን ለመቀነስ እንጂ ለካንሰር አይደለም። ስለዚህ መከታተሉ የግድ ነው፣ ለምሳሌ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ቢጨመርበት በኤምአርአይ የት እንደደረሰ ይታያል (መድረሱ ብቻ ግን መስራቱን አያሳይም፣ ሴሉ ውስጥ ገብቶም ታፍኖ ሊቀር ይችላል)። እዚህ ሰፈር "መድኃኒቱ ተገኘ" ሲባል ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ህክምናዬን) ላቋርጥ ወይ የሚል ሰው አለ፣ በጣም ያስፈራኛል። እባካችሁ ኬሞ የጀመረ ሰው ሀኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም በደማቁ ጻፉልን።