ፍንዳታን ለመቋቋም ስለሚሠሩ፣ ክብደታቸው ቀላል ስለሆኑ ሳንድዊች ፓነሎች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በድንጋይ ካባና በጋዝ ማከማቻ አካባቢ ለሚተከሉ የጥበቃ ቤቶችና የሳይት ቢሮዎች ሳንድዊች ፓነል፣ ማለትም በሁለት ስስ ላሜራዎች መካከል ሌላ ቁስ ያለው የግድግዳ ፓነል፣ ስታዝዙ በቅድሚያ የምትጠይቁን ውፍረቱን ነው። ለማቀዝቀዣ ክፍል ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ፍንዳታን ለሚቋቋም ግድግዳ ግን ከውፍረቱ ይልቅ የመሃሉ ቁስ እንዴት እንደሚጨፈለቅና ፓነሉ በምን እንደታሰረ ማወቁ ይበልጣል። በሁለት ስስ ላሜራዎች መካከል ነጭ ፎም ተጣብቆ የሚሠራው የተለመደው ፓነል የተዘጋጀው ሙቀትን ለመከላከል ስለሆነ፣ ምንም ያህል ቢወፍር ለፍንዳታ መከላከያነት አንሸጠውም።

ከፍንዳታ የሚነሣው የግፊት ሞገድ ግድግዳ ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሚሊሴኮንዶች ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፊት ለፊት መትቶ ሲመለስ ግፊቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የፊተኛው ላሜራ ወደ ውስጥ ይወረወራል፣ የመሃሉ ቁስ እየተጨፈለቀ ጉልበቱን ይውጣል፣ ከዚያ በኋላ መላው ፓነል ይጎብጣል፣ ይለጠጣል። የመሃሉ ቁስ እጅግ ጠንካራ ከሆነ ሳይጨፈለቅ ምቱን በቀጥታ ወደ ኋላኛው ላሜራ ያስተላልፋል፤ እጅግ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱን ቶሎ ጨርሶ በድንገት ይደድራል። በማር ሰፈፍ ቅርጽ የተሠራ አልሙኒየም የምንመርጠው፣ በተመጣጠነ ኃይል ረዘም ላለ ርቀት ስለሚጨፈለቅ ነው።

ቅለትም ዋጋ ያስከፍላል። መሐንዲሶች ኢምፐልስ የሚሉት፣ ግፊቱ በቆይታው ጊዜ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚሰጠው ምት ሳይለወጥ የፓነሉ ክብደት በግማሽ ቢቀንስ፣ ፓነሉ ሊያበርደው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀላል ፓነል የሚጎብጥበት ቦታ ያስፈልገዋልና ከጀርባው መደርደሪያም ሆነ ጠረጴዛ እንዳታስጠጉ አጥብቀን እናሳስባለን።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ማሰሪያው ነው። ብሎኑ ከፓነሉ ቀድሞ ከተበጠሰ ግድግዳው ራሱ ተወርዋሪ አደጋ ይሆናል። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ብዙ ሰዎች ዓይናቸውን ያጡት ከመስኮት በተሰበረ መስታወት ነበር፤ በደንብ ያልታሰረ የሕንፃ አካል ምን እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ አስረጂ አያሻም። ከግፊቱ ቀጥሎ የሚመጣው መሳብና የፓነሉ መልሶ መወርወር ግድግዳውን ወደ ውጭም ስለሚጎትቱት፣ ማሰሪያዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይሰላሉ፤ ፍሬሙም ከፓነሉ የበለጠ ጥንካሬ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ትእዛዝ ስትልኩ የሚያሰጋችሁን ነገር ዓይነትና መጠን፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት፣ የፍሬሙን ንድፍ፣ እንዲሁም የበሩንና የመስኮቱን ቦታ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን። ርቀቱን በተለይ አደራ እንላለን፦ ግድግዳው ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ቢርቅ፣ ያንኑ ከፍተኛ ግፊት ለማድረስ 8 እጥፍ ፈንጂ ያስፈልጋል። ቦታ ካላችሁ ፓነል ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን አርቃችሁ ትከሉ። ስሌቱን ሳንጨርስ ዋጋ አንሰጥም፤ ፍሬማችሁ የማይችል ሆኖ ካገኘነውም እስኪጠናከር ድረስ ፓነሉን አናስረክብም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ የዲዛይን ክፍል