አባዬ፣ ስለዚያ የምድር ውስጥ ጣቢያ

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለፈው «ያ ሁሉ አፈርና አስፋልት ተጭኖበት እንዴት ነው የማይደረመሰው?» ብለህ ስትጠይቀኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዕድሜህን ሙሉ ከአርማታ ጋር የኖርክ ሰው ስለሆንክ በደንብ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ዋሽንግተን መሃል ሜትሮ ሴንተር የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። መንገዱን ከላይ ቆፍረው፣ ጣቢያውን ሠርተው፣ መልሰው የሸፈኑት ነው። ስትገባ ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። ከአንዱ ግድግዳ ተነስቶ እስከ ማዶው ድረስ ቅስት ሆኖ የተዘረጋ አርማታ ነው፣ ተሳፋሪው በሚቆምበት ቦታ ላይ ጣሪያውን የሚደግፍ ኮለን የለም። ሸክሙ በቅስቱ ወደ ጎንና ወደ ታች ይወርዳል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በትልልቅ ጎድጓዳ አራት ማዕዘኖች የተሞላ ነው፣ እነሱም ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የባቡሩን ጩኸት የሚውጥ ነገር ተደርጎባቸዋል። መብራቱ ከታች ተደብቆ ወደ ጣሪያው ይበራል። ሰው የሚቆምበት ወለል ደግሞ ከግድግዳው ራቅ ያለ ስለሆነ ማንም እጁን ሰዶ ሊሞነጫጭርበት አይችልም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

የነደፈው ሃሪ ዊዝ የሚባል የቺካጎ አርክቴክት ነው። በፈረንጆቹ 1966 ሥራውን ሲይዝ የሌሎች አገሮችን የምድር ውስጥ ባቡሮች ዞሮ አየ። መጀመሪያ ያቀረበው አለት ውስጥ ለሚፈለፈሉት ጣቢያዎች ቅስት፣ ከላይ ለሚቆፈሩት ደግሞ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበር፤ የከተማዋን ውበት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ግን አንድ ወጥ ቅስት ይሁን ብሎ ገፋው፣ እኔ በበኩሌ ኮሚሽኑን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹ 5 ጣቢያዎች የተከፈቱት በመጋቢት 1976 ነው፣ በእኛ መጋቢት 18 ቀን 1968 መሆኑ ነው።

አሁን ላንተ የሚሆነውን ልንገርህ። መጀመሪያ አሳንሰር በእቅዱ ውስጥ አልነበረም። በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች «እኛስ?» ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፣ ጋለሪ ፕሌስ የሚባለው ጣቢያ በዚሁ ምክንያት ከሌሎቹ ጋር ሳይከፈት እስከ ታኅሣሥ 1976 ቆየ። ዛሬ ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌም በአሳንሰር የሚወርደው እነዚያ ሰዎች እምቢ ስላሉ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሐበሻ በሞላበት በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ፎረስት ግሌን የሚባል ጣቢያ አለልህ፣ በ1990 የተከፈተ። 60 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ነው! ጥልቀቱ ስለበዛ ኤስካሌተር የሚባል ነገር የለውም፣ ሕዝቡ በ6 ፈጣን አሳንሰሮች ነው የሚወጣ የሚወርደው። እዚያ ግን ያ ሰፊ ቅስት የለም፣ ሁለቱ ባቡሮች በየራሳቸው ጠባብ ዋሻ ነው የሚገቡት። ቀጣዩ ዊተን ደግሞ 70 ሜትር የሚረዝም ኤስካሌተር አለው፣ አናቱ ላይ ቆመህ ወደ ታች ስታይ መጨረሻው አይታይህም። አንተን በዚያ አላወርድህም፣ አትስጋ።

ቪዛው ከተሳካ ከፎረስት ግሌን ተሳፍረን ቀጥ ብለን ሜትሮ ሴንተር እንወርዳለን። እስከዚያ ግን አንድ ነገር መልስልኝ፤ ያን የሚያክል ቅስት ላይ አርማታው የሚፈስበትን ካሳፎርማ እንዴት አድርገው ያሰሩት ይመስልሃል? እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ