መልካሙ ከእሱ ከሆነ ክፉውስ?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያው ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር። ግን ያው መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም «ቆይ ሰው መጣ» ትያለሽ፣ ወሬያችን መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ፤ መነጽር ፍለጋ ቤቱን እንዳታተራምሺው።

ወንድሜ ኦፕራሲዮን ክፍል በገባበት ሰዓት የጸሎት መጽሐፍሽን ስትገልጪ የአባዬ ደብዳቤ ዱብ አለ። ያውም እሱን ልትወልጂ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ የጻፈልሽ። «ሁለታችሁንም በደህና ይዤ እገባለሁ» ይላል። አንብበሽ ሳትጨርሺ ስልኩ ጮኸ፤ ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ተባልሽ። አንቺ «የእግዚአብሔር ምልክት ነው» አልሽ፤ እህቴ «አጋጣሚ ነው እማ» አለች። አንቺ ተቀየምሽ። እኔን ደግሞ ዳኛ አደረጋችሁኝ።

በሂሳቡ እህቴ ልክ ናት። አትቆጪ፣ አጭር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ልደታቸው አንድ ቀን የመሆኑ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ሰው ሲሰማው አያምንም። ምስጢሩ፣ 23 ሰው ሁለት ሁለት እያልሽ ብታጣምሪው 253 ጥንድ ይወጣዋል። ደግሞ በቀን ከሚሊዮን ሰው ለአንዱ ብቻ የሚደርስ ነገር አለ እንበል። በዓለም ላይ 8 ቢሊዮን ሕዝብ ካለ፣ ያ ብርቅ ነገር በየቀኑ ለ8,000 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። እያንዳንዱም «ይኼ በእኔ ላይ እንዴት ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ያንቺ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ስንት ወረቀት ታጭቆ እንደሚኖር ደግሞ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ጭንቀትም የራሱ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ነገሮች ከእጃቸው የወጡ እንዲመስላቸው የተደረጉ ሰዎች ዝም ብሎ በተበተነ ነጠብጣብ ውስጥ የሌለ ምስል ያያሉ ይላል። ከሌሎቹ ይበልጥ ማለቴ ነው። ልጇ ኦፕራሲዮን ላይ ከተኛ እናት በላይ ደግሞ ነገር ከእጁ የወጣበት ማን አለ?

እህቴ እዚህ ጋ ታቆማለች። እኔ ግን አላቆምም። አንድ ነገር በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚሆን ማወቄ፣ በእኔ ላይ በሆነ ጊዜ ምን ላድርግበት ለሚለው መልስ አይሰጠኝም። አንቺ ደግሞ የጠየቅሽኝ ይኼንኛውን ይመስለኛል።

ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና ሐኪም ነበር፤ አይሁዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941፣ ናዚዎች አይሁዶችን በሚያሳድዱበት ሰዓት፣ የአሜሪካ ቪዛ ወጣለት። ለእሱ መዳኛ ነበር። አባትና እናቱ ግን ቪዛ የላቸውም። ጥሎ ቢሄድ ወዴት እንደሚወስዷቸው ያውቃል። ቢቀር ደግሞ አብሮ መወሰዱ ነው። እንዲህ ልቡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ቤት ሲገባ አንዲት የእብነ በረድ ስባሪ አየ። አባቱ ናዚዎች ካቃጠሉት ምኩራብ ፍርስራሽ ያነሳት ናት። የአሥርቱ ትእዛዛት ጽላት ቁራጭ ነበረች፤ ላይዋ ላይ አንድ የዕብራይስጥ ፊደል ተቀርጾባታል። አባቱ ፊደሉ የየትኛው ትእዛዝ እንደሆነ ነገረው። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ነበር።

ፍራንክል ቪዛውን ተወው፤ ቀረ።

ይኼን ታሪክ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች እዚህ ጋ አቁመው «አየህ የእግዚአብሔርን ሥራ!» ይላሉ። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 እሱም፣ ሚስቱም፣ ወላጆቹም ቴሬዚየንሽታት ወደሚባለው ካምፕ ተጋዙ። አባቱ በዓመቱ እዚያው ሞቱ። እናቱ በ1944 ኦሽዊትዝ ወደሚባለው የሞት ካምፕ ተወስደው በጋዝ ተገደሉ። ሚስቱም ከጦርነቱ አልተረፈችም። እሱ ብቻ ተረፈ።

ታዲያ ድንጋዩ ዋሸው? እኔ አይመስለኝም። ድንጋዩ «ሁላችሁም ትድናላችሁ» አላለውም። የሰጠው ተስፋ የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። እሱም የተጠየቀውን አደረገ፤ አባቱ ሊሞቱ ሲቃረቡ አጠገባቸው ነበር። ምናልባት ልቡ ቀድሞ ወስኖ፣ ድንጋዩ ያሰማው ያንኑ የልቡን ድምፅ ይሆናል። ቢሆንስ? እግዚአብሔር በሰው ልብ በኩል አይናገርም ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ያልሽው። «መልካሙ ከእሱ ከሆነ ክፉውስ? አባታችሁ በሞተበት ወር ወንድምህ ከሥራ ወጣ፣ በዚያው ወር ታመመ። ምን በድለን ነው?»

እማዬ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ይኼ እንደሆነ ገባኝ። የአባዬ ደብዳቤ ሰበብ ነው።

አንቺ ከእኔ በላይ የምታውቂውን ላስታውስሽ። ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች አሉ። ኢየሱስ ሰዎቹን ጠየቃቸው፤ እነዚህ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ራሱ መለሰ፤ አይደለም። ግንቡ ለምን በዚያ ቀን በእነሱ ላይ እንደወደቀ አልተናገረም። የሞቱትን በደል መቆጠሩን ከለከለና እዚያ የቆሙትን ስለ ራሳቸው ንስሐ አነጋገራቸው። እሱ ያልቆጠረውን አንቺ ለምን ትቆጥሪያለሽ?

«አንዱን ተቀብለህ ሌላውን መጣል አይሆንም» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እህቴም ይኼንኑ ትላለች፤ እዚህ ላይ ብቻ ነው የምትስማሙት። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ለማመስገን ማስረጃ አያስፈልግሽም፤ ልጅሽ በሕይወት አለ፣ ደብዳቤው አስለቅሶሻል፣ በቃ ተመስገን ነው። ለመክሰስ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ራስን ለመክሰስም ቢሆን። አንቺ ደግሞ ማስረጃሽ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ሐዘን ሰውን ያዳክማል፣ ሥራ ያሳጣል፣ ሕመም ያባብሳል። ሁለትና ሦስት መከራ ተደራርቦ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት ነው። ወንድሜ አባዬ ከሞተ ጀምሮ በደንብ በልቶ ተኝቶ ያውቃል? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።

የአስቴር መጽሐፍን ትወጂ የለ? እዚያ ንጉሡ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ የታሪክ መዝገብ ይነበብልኝ ይላል፤ መርዶክዮስ የንጉሡን ነፍስ ያዳነበት ነገር ተጽፎ ይገኛል። በአጋጣሚ የተሞላ ታሪክ ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ግን የእግዚአብሔር ስም አንዴም አልተጠራም። መርዶክዮስ ራሱ ለአስቴር ሲልክባት «እግዚአብሔር ለዚህ እንዳነገሠሽ አውቃለሁ» አላላትም። ማን ያውቃል፣ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይሆናል ንግሥት የሆንሽው ነው ያላት። እርግጠኛ ሳይሆን ጠየቃት። እሷም እርግጠኛ ሳትሆን ወደ ንጉሡ ገባች፤ ብጠፋም እጠፋለሁ ብላ። እኔም ሰው «ምልክት ነው?» ሲለኝ መልሴ «ማን ያውቃል» ነው። ማላገጤ እንዳይመስልሽ፤ ከልቤ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለምንሻለሁ። «ከእንግዲህ አይታመምም፤ ነግሮኛል» ያልሽውን ለወንድሜ አትንገሪው። እሱ ከሰማ መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት ፍለጋ ላይ ነው። የአባዬ ደብዳቤ ያን አላለም፤ ሐኪሙም ክትትሉ ይቀጥላል ነው ያለው። ደብዳቤው የሚጠይቅሽ ነገር ካለ፣ አባዬ ያን ጊዜ ያደረገውን ነው፤ በልጆችሽ አጠገብ ሁኚ። ደግሞ ያቺ «ሕልምሽን ልፍታልሽ» እያለች የምትመላለሰውን ሴትዮ በጨዋ ደንብ ሸኚልኝ። በሰው ጭንቀት ሰዓት ምልክት ይዞ መጥቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው ደስ አይለኝም።

ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ። የወንድሜ ቀጠሮ ቀን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ አንቺ ቤት እረፊ።

እህቴን ደግሞ ደውዪላት። «አጋጣሚ ነው» ብላ አናደደችሽ፣ አውቃለሁ፤ አፏ እንደ አባዬ ነው። ግን ሆስፒታል ወንበር ላይ ሌሊቱን ሁሉ የምታድረው እሷ ናት፤ «ኦፕራሲዮኑ አለቀ» ብሎ የደወለውም ስልክ የእሷ ነበር። ግትርነቷ ካንቺ ስለሆነ እሷ ቀድማ እንድትደውል አትጠብቂ።

ልጅሽ