የንባብ ክበብ፦ በእስር ቤት መሬት የገዛው ነቢይ

ዘንድሮ ምን እናንብብ ሲባል ልጆቹ በድምፅ ብልጫ የብሉይ ኪዳን ነቢያትን መረጡ። እኔ ደስ አላለኝም ነበር። ክበባችን ሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከአባላቱም ውስጥ እምነታቸው የተለያየ ልጆች አሉ። «እንደ ጽሑፍ እናነባለን፣ ማንም ማንንም አይሰብክም» ተባብለን ጀመርን።

በጥቅምት ወር 26 ልጆች ነበርን፣ አሞጽን ስንጨርስ 14 ቀረን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍርድ በፍርድ ላይ እያስከተልኩ አሰለቸኋቸው። ደግነቱ የቴቁሔው እረኛ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር የሚያስተያይበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ነቃ አለ።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ግን ኤርምያስን መልቀቅ አቃተን። በመጀመሪያ ያጨቃጨቀን ሌላው ነቢይ ሐናንያ ነው። ባቢሎናውያን የመጀመሪያዎቹን ምርኮኞች ወስደዋል። ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ የተሸከመውን ቀንበር አንሥቶ ሰበረው። ኤርምያስ በበኩሉ ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ 70 ዓመት ነው ብሎ ጻፈላቸው። «ቲቸር፣ እኔ ብሆን ሐናንያን ነበር የማምነው» አለች አንዷ። እውነቷን ነው፤ ኤርምያስ ራሱ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን፣ እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። ልቡ የሚመኘውን ነገር አፉ ሊተነብየው አልቻለም። ሰውየው ጨካኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ከዚያ ምዕራፍ 32። ኢየሩሳሌም ተከባለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ገደማ ነው። ኤርምያስ «ከተማዋ ትወድቃለች» በማለቱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ ይለዋል። ጠላት ያጥለቀለቀው አገር ውስጥ ያለ መሬት! እሱም 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ከፈለ፣ በምስክር ፊት ፈረመ፤ የታተመውንና ክፍቱን ውል ጸሐፊው ባሮክ ወስዶ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖር አዘዘ። ቤትና እርሻ፣ የወይን ቦታም በዚህ አገር ገና ይገዛል ተብሏልና። ከዚያ በኋላ ግን የጸለየው፣ ከተማይቱ ለከለዳውያን (ለባቢሎናውያን) ተሰጥታ ሳለ ለምን ግዛ አልኸኝ የሚል ነው። ልጆቹ የወደዱት ይህን ግራ መጋባቱን ነው።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «መሬት ይሸጣል እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። ሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ወሰደብን።

ኤርምያስን ከጭቃው ጉድጓድ ያወጣውን ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክንም አልዘለልነውም። ገመዱ እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ በብብቱ እንዲያደርግ በገመድ አወረደለት። ስለ ጨርቁ ብቻ ሦስት ልጆች ግጥም ጻፉ፤ አንዱ በጣም ጥሩ ነው።

በሰኔ የወላጆች ቀን ላይ ውሉን በቲያትር አሳየን። ሚዛኑ ከወጥ ቤት የመጣ ነው፤ አዋሳኞቹን በምሥራቅ፣ በምዕራብ እያሉ ልክ እንደ እኛ ውል ጻፉት። ውሉን ያኖሩበት ገንቦ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ተከፍቶ አግኝተነዋልና እባካችሁ አትንኩት። ለመጪው ዓመት ሕዝቅኤልን አስበናል፤ ያሉን መጽሐፍ ቅዱሶች ስድስት ብቻ ስለሆኑ ትርፍ ያላችሁ አውሱን።