የቂሮስን ሸክላ ያስቆፈረው ሰው በመቅደላ እግር ብረት የታሰረው ራሳም ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በቅርቡ ስለ ጥንታዊው የፋርስ መንግሥት ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከቂሮስ መነሣት ጀምሮ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 የፋርስን ከተማ ፐርሴፖሊስን እስካቃጠለበት ድረስ ያለውን ከሁለት መቶ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ በአንድ ገጽ ማሳጠር ቀላል እንዳልሆነ አርባ ደቂቃ ለማይበቃው ትምህርት ስቸገር የኖርሁ የታሪክ መምህር ነኝና እረዳለሁ፤ ስለ ድካማችሁም አመሰግናለሁ። ነገር ግን «የቂሮስ ሲሊንደር» ስለሚባለው ባለ ጽሑፍ ሸክላ በተነገረበት አንቀጽ፣ ያገኘው «አንድ እንግሊዛዊ አሳሽ» ነው ተብሎ ስሙ ሳይነሣ መታለፉን እኔ የወሎ ሰው ሆኜ ዝም ልለው አልቻልሁም።

ሰውየው ሆርሙዝድ ራሳም ነው። እንግሊዝን አገልግሏል፣ ኋላም እዚያው ኖሮ ሞቷል፤ ትውልዱ ግን በ1826 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዛሬዋ ኢራቅ፣ በሞሱል ከተማ፣ ከአገሬው ክርስቲያኖች ነው። የእኛ ሰው የሚያውቀው በሌላ ጉዳይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቆንስሉ ካሜሮን ከታሰረ በኋላ፣ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ እስረኞቹን እንዲያስለቅቅ ከኤደን የተላከው እርሱ ነበር። በ1864 ምጽዋ ደርሶ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ፤ በ1866 መጀመሪያ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ በክብር ተቀበሉት፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሊያስፈታ የመጣው ራሱ ታሳሪ ሆነ። ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በመቅደላ አምባ ላይ እግር ብረት ገብቶ ኖረ። የተለቀቀው ከእንግሊዝ ጦር ጋር አሮጌ በተባለው ቦታ ውጊያ በስቅለት ዕለት ከተደረገ በኋላ በማግስቱ ቅዳሜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ከመሠዋታቸው ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ይህ ሰው ከእግር ብረቱ በወጣ በ11ኛው ዓመት፣ በ1879፣ ለብሪቲሽ ሙዚየም በባቢሎን ፍርስራሽ ላይ ሲያስቆፍር ሠራተኞቹ ሸክላውን አወጡት። መሀሉ እንደ በርሜል የተነፋ፣ ስንዝር የሚያህል፣ በጥንታዊው የባቢሎን ሰዎች የአካድ ቋንቋ፣ ኩኔይፎርም በሚባለው የሽብልቅ ቅርጽ ፊደል የተጻፈበት የተጠበሰ ጭቃ ነው። ስለ ጽሑፉ ቀድሞ ጥናት ያወጣው፣ የቤሂስቱንን የዳርዮስ ጽሑፍ ከገደል ላይ የገለበጠው ሄንሪ ሮሊንሰን ነበር። ራሳም አንድ ጉድለት አለበት፤ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ያስቆፍር ስለነበር ሁልጊዜ ከጉድጓዱ አፍ አይገኝም፤ ስለዚህም ሸክላው የባቢሎን ታላቅ አምላክ የነበረው የማርዱክ ቤተ መቅደስ ከተቀበረበት ከአምራን ጉብታ መውጣቱ ቢታወቅም ከየትኛው ግድግዳ ሥር እንደተነሣ አልተመዘገበም። ይህ ለአርኪዮሎጂ ትልቅ ጉዳት ነው። ሆኖም ስሙን ለማጥፋት የተሰነዘረበት ሁሉ እውነት አልነበረም፤ የሙዚየሙን ባልደረባ ዎሊስ በጅን በስም ማጥፋት ከሶ በ1893 የ50 ፓውንድ ካሳ ተፈርዶለታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ሸክላው ይዘት ነው። ጽሑፋችሁ አይሁድን ከምርኮ ያወጣ ዐዋጅ፣ የዓለምም የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ሕግ አድርጎታል። በመጽሐፈ ዕዝራ መጀመሪያ ላይ ያለው የቂሮስ ዐዋጅ ሌላ ነገር ነው፤ በሸክላው ላይ ይሁዳም ኢየሩሳሌምም አልተጠቀሱም። የሚናገረው ማርዱክ የባቢሎኑን ንጉሥ ናቦኒደስን ጠልቶ ቂሮስን እንደ መረጠ፣ ቂሮስም ያለ ውጊያ ከተማይቱ እንደገባ፣ የአማልክቱንም ምስል ወደየመቅደሳቸው፣ ሕዝባቸውንም ወደየቀያቸው እንደ መለሰ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ከተማ የያዘ ንጉሥ በአገሩ ልማድ ግንብ ሲያድስ ከመሠረት የሚያኖረው፣ ራሱን የሚያሞግስበት ጽሑፍ ነው። «የሰብአዊ መብት» የሚለው ስያሜ የገነነው የኢራኑ ሻህ በ1971 ፐርሴፖሊስ ላይ ባዘጋጁት የ2500ኛ ዓመት በዓል ሸክላውን ዐርማ ካደረጉት ወዲህ ነው፤ በዚያ በዓል ላይ ከታደሙት ነገሥታት አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የሚያስገርመኝን ልጨምር። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረ ስባሪ የዚሁ ሸክላ ቁራጭ መሆኑ ታውቆ ሲገጠምበት፣ ቂሮስ ግንቡን ሲያሠራ ከእርሱ በፊት የነገሠውን የአሦር ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ጽሑፍ አየሁ የሚልበት መስመር ተገኘ። የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት በነነዌ በ1853 ከመሬት ያወጣውም ያው ራሳም ነበር! ያን ጊዜ ገና መቅደላ የሚባል አምባ መኖሩን እንኳ የሰማ አይመስለኝም።

ሸክላው የሚገኝበት ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለውን ባልደረባውን ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ልኮ እንደነበርና ከአምባው የተዘረፉት ብራናዎችም መጀመሪያ ወደዚያው እንደ ገቡ አንባቢ ይወቀው። ተማሪዎቼን ይዤ በተንታ በኩል ወደ አምባው በወጣሁ ቁጥር ሁሉም ሴባስቶፖልን ከበው ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ «የታሰሩት ፈረንጆች ኋላ ምን ሆኑ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለአንዱ እስረኛ መልሱ ከላይ የጻፍሁት ነውና፣ ጽሑፉን በሚመጣው እትም ስታርሙ የራሳምን ስም ከነትውልድ አገሩ እንድታሰፍሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ከደሴ