ከሆብስ ይልቅ ስፒኖዛ ለድሬዳዋ ይቀርባል

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ያወጣችሁት ጽሑፍ ፈላስፋውን ቶማስ ሆብስን ለዘመናችን መድኃኒት አድርጎ አቅርቦታል። ሰው ከሰው እንዳይባላ ሁሉም መብቱን ለአንድ ጠንካራ መንግሥት ያስረክብ ነው ነገሩ። ሆብስ «ሌቪያታን»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1651፣ አገሩ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ቆይታ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። የእኛ አገር ሰው የማይገባው ማን አለ? ጸሐፊው እዚያው ላይ መቆማቸው ግን ቅር አሰኝቶኛል። በዚያው ዘመን መልስ የሰጠው ሰው ነበር።

ፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ በ1632 አምስተርዳም ተወለደ። በ1656 የከተማው የአይሁድ ማኅበረሰብ አውግዞ አባረረው። ሌንስ እየሞረደ ኖረ። ስለ ሃይማኖትና ፖለቲካ የጻፈው መጽሐፍ በ1670 ሲወጣ ስሙ አልተጻፈበትም፤ የታተመበት ከተማ እንኳ በውሸት ሐምቡርግ ተብሏል።

መከራከሪያው ቀላል ነው። ሰው ቢፈልግ እንኳ የማሰብ መብቱን ለሌላ ማስረከብ አይችልም። መንግሥት አፍ ልዝጋ ካለ፣ ሰዉ በአፉ ሌላ በሆዱ ሌላ ይሆናል። መተማመን ይጠፋል፣ አጎብዳጅ ይበዛል። ሕጉም የሚጎዳው ክፉውን ሳይሆን ሐቀኛውን ነው። ጠዋት ስብሰባ ላይ አጨብጭቦ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ሌላ የሚያወራ ሰው ላየ የድሬ ልጅ ይህ አዲስ አይደለም።

በመጽሐፉ 20ኛ ምዕራፍ አምስተርዳምን ይጠቅሳል። የየአገሩና የየእምነቱ ሰው ተስማምቶ የሚኖርባት የንግድ ከተማ ናት ይላል። ነጋዴው ንብረቱን ለሰው ሲያምን የሚጠይቀው ሀብታም ነው ወይስ ድሃ፣ ቃሉን ይጠብቃል ወይስ ያጭበረብራል ብሎ ነው፤ ሃይማኖቱ ጉዳዩ አይደለም። ይህ የእኛው ገበያ ቀፊራ ነው! ባቡር የቆረቆራት ከተማችን ውስጥ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ በዱቤ ሲሰጣጥ ኖሯል። ጥያቄው «ይከፍላል ወይ?» ነው። ማጋነን አልፈልግም፤ ደም የፈሰሰበት ጊዜም አለ።

ስፒኖዛም የዋህ አልነበረም። በ1672 የሆላንድ መሪ የነበረውን ዮሐን ደ ዊትንና ወንድሙን መንጋ ሄግ ላይ ሲገድላቸው፣ እሱ የሚኖረው እዚያው ከተማ ነበር። ከዚያ በኋላ በጀመረው የመጨረሻ መጽሐፉ፣ በመሪዎች ቅንነት ላይ ብቻ የቆመ መንግሥት አይጸናም፣ አሠራሩ ራሱ መሪዎቹን መያዝ አለበት ይላል። ስለዚህ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ ሲባል የቆየውን የከተማችንን የሥልጣን ክፍፍል እንዲሁ የሚያጣጥለው አይመስለኝም። ግን ኦሮሞ አባትና ጉራጌ እናት ያለው ልጅ የት ይቆጠር? ይህንንስ ስብሰባ ላይ ሳይፈራ መጠየቅ ይችላል? ጦርነት ስለሌለ ብቻ ሰላም አለ አይባልም ይላል ስፒኖዛ። ሕዝቡ እንደ በግ የሚነዳባት አገር ምድረ በዳ ብትባል ይሻላል ባይ ነው።

አንድ ነገር ግን አልምረውም። በ1677 ሲሞት ይህ የመጨረሻ መጽሐፉ አላለቀም ነበር። የመጨረሻው ገጽ ሴቶች ሥልጣን ላይ ድርሻ ሊኖራቸው አይገባም ብሎ ይከራከራል። ቀፊራን አንድ ቀን ቢያይ ኖሮ ያንን ገጽ ይቀደው ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ